ውሻዎን ስንት ጊዜ ያስከትባሉ? ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ውሻ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን «በዓመት ስንቴ ነው የሚከተበው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አንድ ቁጥር አይደለም። እያንዳንዱ ክትባት የራሱ ቀጠሮ አለው። አንዱ በየዓመቱ ይደገማል፣ ሌላው ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ቡችላ ደግሞ በየጥቂት ሳምንቱ መመለስ አለበት። ሁሉንም በአንድ ቀጠሮ ስንጠቀልለው ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ቡችላን አንዴ አስወግቶ መተው

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ሻጩ «ተከትቧል» ይላል፣ ገዢውም ደስ ብሎት ይወስዳል። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ ቡችላው በስድስት ወይም በስምንት ሳምንቱ አንድ መርፌ ተወግቶ ይሆናል። ግን ያ አንድ መርፌ ብቻውን ምንም ላይሠራ ይችላል።

ምክንያቱ የእናቱ ወተት ነው። ቡችላ እንገር ሲጠባ ከእናቱ የበሽታ መከላከያ ያገኛል። ይህ መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያድነዋል፤ ነገር ግን የምንሰጠውን ክትባትም ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ከአንድ እናት የተወለዱትም እኩል አያልቅባቸውም። ስለዚህ ሐኪሞች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምረው፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየደጋገሙ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ይከትቡታል። ዋናው መርፌ የመጨረሻው ነው፤ 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ የሚሰጠው። ሰው ግን «ሁለቴ ተወግቷል፣ ይበቃዋል» ብሎ የሚቀረው ልክ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው፣ ቢዘገይ ዓመቱ ላይ፣ አንድ ማጠናከሪያ ይጨመርለታል።

ይህን ሁሉ የምለው ፓርቮ በሚባለው የቡችላ ገዳይ የቫይረስ በሽታ ምክንያት ነው። ትናንት ጫማ ሲያኝክ የዋለ ቡችላ ዛሬ ጥግ ይዞ ይተኛል። ሳህኑን ያሸትና ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ትውከት ይመጣል፣ ቀጥሎ ደም የቀላቀለ፣ ሽታው ከቤት የማይወጣ ተቅማጥ። ቫይረሱ ግቢው አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። በፓርቮ ቡችላ የሞተበት ግቢ ውስጥ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ አምጥቶ ማስገባት ሁለተኛውንም ለሞት መስጠት ነው። ሲሚንቶውን በበረኪና ማጠብ ይረዳል፤ አፈሩን ግን ማን ያጥበዋል?

«የኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም»

የግቢ ውሻም በሩ ክፍት ሲገኝ ይወጣል፣ በአጥር ስር ከመንደር ውሻ ጋር ይነካከሳል። ለእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ አንድ ንክሻ ይበቃል። በሽታው በአገራችን በብዛት የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላም የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የእርስዎም ውሻ ከ70ዎቹ አንዱ ይሁን።

የመጀመሪያው መርፌ ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ ቀጣዩ በዓመቱ። ከዚያ በኋላ በክትባቱ ዓይነት ይወሰናል። የአንድ ዓመት ፈቃድ ያለው አለ፣ የሦስት ዓመትም አለ። የትኛው እንደተሰጠው ካላወቁ በየዓመቱ ያስደግሙት፤ በዚህ በሽታ ላይ መገመት አይገባም። የተከተበ ውሻ ሰው ቢነክስም ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ አይቀርም። «ተከትቧል» ብሎ ቤት መቀመጥ አያዋጣም።

በየዓመቱ ሁሉንም እንደ አዲስ ማስወጋት

ይሄኛው ከአሳቢነት የሚመጣ ስህተት ነው። የዲስቴምፐር (ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ገዳይ የቫይረስ በሽታ)፣ የፓርቮና የተላላፊ የጉበት በሽታ ክትባቶች ቡችላነቱ ላይ በትክክል ከተጠናቀቁ ለጎልማሳ ውሻ በየሦስት ዓመቱ ይበቃሉ። የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ከዚያ ቶሎ ቶሎ እንዳይደገሙ ይመክራል።

ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ክትባት ግን ለየት ይላል። መከላከያው ብዙ ስለማይቆይ በየዓመቱ ይደገማል፤ ሲጀመርም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ተራርቀው የሚሰጡ ሁለት መርፌዎች ያስፈልጉታል። በሽታው በአይጥ ሽንትና በተኛ ውሃ ስለሚተላለፍ ክረምት ላይ ያሰጋል፣ ወደ ሰውም ይመጣል። ስለዚህ ክሊኒክ ሲሄዱ «ክትባቱን ስጡልኝ» ብቻ አይበሉ። «ዛሬ የሚሰጠው የየትኛው በሽታ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

በነገራችን ላይ ዲስቴምፐር የከተማ ውሻ ጣጣ ብቻ አይደለም። ባሌ ተራሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 ቀይ ቀበሮዎቻችንን ፈጅቷል። የእብድ ውሻ በሽታም እዚያው ደጋግሞ ገብቷል። ከሰው ውሻ ወደ እነሱ የሚሻገር በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከጥቂት መቶ የማይበልጡ ስለሆኑ ጉዳዩ ያንገበግበኛል።

«ትንሽ ናት፣ ግማሹን ስጧት»

አይሆንም። የክትባት መጠን እንደ መድኃኒት በኪሎ አይሰላም። ትንሿም ትልቁም ሙሉውን ይወስዳሉ።

ክትባቱን ገዝቶ በፌስታል ይዞ መዞር

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ ብልቃጥ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሞቷል። ሲሰጥ ቆመው ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ በአንዱ ብልቃጥ ታች የደረቀ ነጭ ነገር አለ፤ ሐኪሙ ከሌላኛው ፈሳሹን ስቦ ይበጠብጠውና ወዲያው ይወጋዋል። ጠዋት ተበጥብጦ ከሰዓት የሚሰጥ ከሆነ እምቢ ይበሉ። ትኩሳት ያለበትን ወይም የሚያስቀምጠውን ውሻም እስኪሻለው ያቆዩት። ከተወጋ በኋላ አንድ ቀን ቢፈዝ አይደንግጡ፤ ፊቱ ካበጠ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይመልሱት።

የክትባት ደብተሩን መጣል

ከብልቃጡ ላይ የሚላጥ ትንሽ ወረቀት አለች። የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን አለባት። ደብተሩ ላይ ትለጠፍና ሐኪሙ ፊርማና ቀን ያኑርባት። «ተከትቧል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምን እንደተከተበ አይናገርም።

ውሻቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መሄድ ለሚያስቡ ይሄ ደብተር ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ቆዳው ስር የሚገባ ትንሽ መለያ)፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ፣ መከላከያው መፈጠሩን ለማየት ደም ይወሰዳል፣ ውጤቱ ጥሩ ከሆነም ደም ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ማጠናከሪያው በቀኑ ከተሰጠ ያ የደም ምርመራ ዕድሜውን ሙሉ ያገለግለዋል። ቀኑ ካለፈ ግን ክትባቱም፣ ደሙም፣ ሦስት ወሩም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራሉ።