ለስሜን ተራሮች ጉዞ የእጅ ጂፒኤስ ሲመርጡ

ከደባርቅ ተነስቶ በሰንቃበር፣ በጊጭና በጨነቅ ካምፖች በኩል ራስ ደጀን የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ውሎ ያድራል። ጉም ሲወርድ እሜት ጎጎ ላይ ገደሉ ጥቂት እርምጃ ርቆ እያለ አይታይም። አስጎብኚውና ስካውቱ (የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) መንገዱን ያውቁታል፤ ጂፒኤሱ የሚያስፈልገው ሰው ተነጣጥሎ ሲቀር ወይም ጉሙ እነሱንም ሲያቆም ነው። ለዚህ ሥራ ሲገዙ የስክሪኑን ውበት ለኋላ አቆዩት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ኃይሉን ከየት ያገኛል የሚለው ነው።

በመንገዱ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ አገኛለሁ ብለው አይቁጠሩ። ስለዚህ ሁለት ደብል ኤ ድንጋይ የሚጎርስ መሣሪያ ያዋጣል፤ ጋርሚን ኢትሬክስ 32ኤክስና ጂፒኤስማፕ 65ኤስ እንዲህ ናቸው። ፋብሪካው ለመጀመሪያው 25 ሰዓት፣ ለሁለተኛው 16 ሰዓት ይሰጣቸዋል። ያ ቁጥር ግን ስክሪኑ ደብዝዞ፣ አየሩም ሞቅ ብሎ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር የስሜን ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ አልካላይን ድንጋይ ደግሞ ከዜሮ በታች ጉልበቱ ይከዳዋል። ሊቲየም ድንጋይ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል፣ ክብደቱም ቀላል ነው፤ ዳግም ቻርጅ ግን አይደረግም። ለ32ኤክስ 25ቱን ሰዓት 15 ብለው ያስቡት። በቀን 9 ሰዓት ለ5 ቀን ቢበራ 45 ሰዓት ይሆናል፤ ሦስት ጥንድ ማለት ነው። አንድ ጥንድ ለመጠባበቂያ ሲጨመር 8 ድንጋይ ይይዛሉ። ሊቲየሙን ደባርቅ ሱቅ አገኛለሁ ብለው አይሂዱ፤ ቀድመው ይግዙት። ድንጋዩን በቀየሩ ቁጥር በሲስተም ማስተካከያው ውስጥ ዓይነቱን ይምረጡ። ሊቲየም አስገብተው አልካላይን እንዳለ ከተዉት የባትሪው ምልክት ሙሉ እያሳየ በድንገት ይጠፋል።

ጂፒኤስማፕ 67 ውስጡ ያለው ባትሪ እስከ 180 ሰዓት ይቆያል ይባልለታል፤ ጥሩ መሣሪያም ነው። ገንዘቡ ካለዎትና ፓወር ባንክ ከያዙ ይሄዳል። ያለቀን ባትሪ ግን በአንድ ደቂቃ አውጥቶ መተካት አይቻልም።

ቀጥሎ ባሮሜትር፣ ማለትም ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካው ክፍል። በሳተላይት ብቻ የሚለካ ከፍታ ስህተቱ ከአግድም ቦታው ስህተት ይበልጣል፤ በገደል ሥር፣ ግማሹ ሰማይ ሲሸፈን፣ ይብሳል። ኢትሬክስ 10ም ሆነ 22ኤክስ ባሮሜትር የላቸውም፤ 32ኤክስና 65ኤስ አላቸው። በ4,000 ሜትር አካባቢ ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ሲቀንስ 12 ሜትር ያህል ወጥተዋል ማለት ነው። ግፊቱ ደግሞ እርስዎ ባይንቀሳቀሱም በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ድንኳን ውስጥ ያደረ መሣሪያ ጠዋት አሥር ሃያ ሜትር ለውጦ ቢገኝ አልተበላሸም፤ ከመነሳትዎ በፊት የካምፑን ከፍታ ያስገቡለት፤ ሰንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር አካባቢ ናቸው። የቆዩ መጻሕፍት ራስ ደጀንን 4,620 ይሉታል፤ ዛሬ የሚጻፈው 4,550 ወይም 4,533 ነው፤ ስለዚህ በአሮጌው ቁጥር አያስተካክሉት።

ከፍታን ማወቅ ለጤናም ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። መኪና እስከ ጨነቅ ስለሚገባ ከጎንደር ተነስቶ እዚያው የሚያድር ሰው ሳያውቀው በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳተም ላይ ነው፤ ዳተም የካርታ ቁጥሮች የሚቆጠሩበት መነሻ ነው። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት የቆዩ 1:50,000 ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብሊውጂኤስ 84 ላይ ነው። የአንዱን የዩቲኤም ቁጥር (ቦታን በሜትር የሚያመለክተውን) በሌላው ቢያነቡ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋሉ፤ ገደል አጠገብ ይህ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። የካርታውን ኅዳግ ያንብቡ፤ አዲንዳን ካለ መሣሪያውንም ወደ አዲንዳን፣ ዞኑንም 37 ያድርጉ። ከስልክ ወይም ከኢንተርኔት የተቀበሉትን ነጥብ ሊያስገቡ ሲሉ መጀመሪያ መሣሪያውን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ይመልሱት። ዳተም መቀየር የማይፈቅድ መሣሪያ ለዚህ አገር ካርታ አይሆንም።

ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ካርታ እንደ ተሸጠበት አገር ይለያያል፤ ኢትዮጵያ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከኦፕንስትሪትማፕ (ከነፃው የኢንተርኔት ካርታ) የተሠራ ኮንቱር፣ ማለትም የከፍታ መስመር፣ ያለው ካርታ በነፃ አውርደው በሜሞሪ ካርድ ይጫኑ፤ ጨነቅን አቅርበው ከፍተው መንገዱ መውጣቱን ቤትዎ ሆነው ይዩ።

ሱቅ ሲደርሱ፦ ጓንት አድርገው ቁልፎቹን ይጫኑ፤ በጣት የሚነካ ስክሪን በብርድና በዝናብ ያስቸግራል። ፀሐይ ላይ አውጥተው ያንብቡት። ባሮሜትሩን ለመፈተን ራሱን የሚያስተካክልበትን ምርጫ ያጥፉና ከምድር ቤት እስከ 5ኛ ፎቅ በደረጃ ይውጡ፤ 15 ሜትር ገደማ መጨመር አለበት። ያገለገለ ከሆነ የድንጋዩን ክዳን ከፍተው የፈሰሰ ድንጋይ ያዛገው ብረት፣ የተቀደደ ጎማ መኖሩን ይመልከቱ፤ ጎማው ከተቀደደ ውኃ ይገባል። ከውጭ አገር የመጣ መሣሪያ መጀመሪያ ሲበራ ሳተላይቶቹን ለማግኘት ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ሰማይ በሚታይበት ቦታ 15 ደቂቃ ሳያንቀሳቅሱ ይተዉት።

በሳተላይት መልእክት የሚልኩ እንደ ኢንሪች ያሉ መሣሪያዎች ኔትወርክ በሌለበት በመሸሃ ሸለቆ ጭምር ለእርዳታ ጥሪ ይረዳሉ፤ ወርሃዊ ክፍያ አላቸው። ከውጭ ይዘው የሚገቡ ከሆነ ግን ከመግዛትዎ በፊት ስለ ፈቃዱ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ያግኙ።