ለጌም ኮምፒውተር፦ ኮር መጨመር ወይስ ግራፊክስ ካርድ?

ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ለሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚነገረው የፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ) ኮር ብዛት ነው፤ ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው። ቁጥሩ ውሸት ባይሆንም፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጌሙን የሚያዘገየው የትኛው ክፍል እንደሆነ መለካት ይቀድማል።

በሰከንድ 60 ምስል እንዲታይ ከተፈለገ እያንዳንዱ ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። ግራፊክስ ካርዱ 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ይቀባል፤ አንዱ ነጥብ ሌላውን ስለማይጠብቅ ሥራው በካርዱ ውስጥ ላሉት በርካታ ትናንሽ ማስሊያዎች ይከፋፈላል። የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን ጉልህ ክፍሉ ተከታታይ ነው፤ የቀደመው ሳያልቅ የሚከተለው አይጀመርም። ግማሹ እንኳ እንዲህ ዓይነት ቢሆን፣ ኮር የቱንም ያህል ቢበዛ ፍጥነቱ ከእጥፍ አያልፍም።

ለመለካት በመጀመሪያ ቪሲንክን (የምስሉን ብዛት በሞኒተሩ ፍጥነት ልክ የሚገድበውን ቅንብር) ያጥፉ፤ በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት ይመዝግቡና ሪዞሉሽኑን (የነጥቦቹን ብዛት) ብቻ ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርገው እዚያው ቦታ ላይ ደግመው ይመልከቱ። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ የሚያዘገየው ካርዱ ነው፤ እምብዛም ካልተነቃነቀ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው። የዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ላይ የሚታየው የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ የሥራ መቶኛ አያታልልዎ፤ 12 ትሬድ (ጎን ለጎን ሥራ የሚሠራበት መስመር) ባለው ፕሮሰሰር አንዱ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ቢጨናነቅ በጠቅላላው ላይ የሚታየው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሞኒተሩ ገመድም ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካቱን ያረጋግጡ፤ እኔ ሳምንት ሙሉ ካርዴን ያማሁት በዚህ ስሕተት ነው።

በእኔ ግምት ለጌም ብቻ ለሚውል ኮምፒውተር ዘመናዊ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ኮር ይበቃል፤ የተረፈው ወደ ካርዱ ይሂድ። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ሃርድዌር ሁሉ ይገዛ ማለቴም አይደለም፤ ኤጂያ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 የፊዚክስ ስሌት (በጌም ውስጥ የነገሮችን መውደቅና መጋጨት) ብቻ የሚሠራ ካርድ ቢያወጣም፣ የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ በ2008 ኩባንያውን ገዝቶ ያንኑ ሥራ ወደ ግራፊክስ ካርዶቹ አስገባው።

ሙቀቱም መታሰብ አለበት። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሯ ይቀዘቅዛል፤ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በግንቦትና በሰኔ ቀን ቀን 35 ዲግሪን ትሻገራለች። የክፍሉ አየር 10 ዲግሪ ሲጨምር፣ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ከዞረ፣ የካርዱም ሙቀት በዚያው ልክ ገደማ ከፍ ይላል፤ ገደቡ ላይ ሲደርስም ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ልኬቱን በጠዋት ቅዝቃዜ ሳይሆን ከቀትር በኋላ፣ ጌሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ያድርጉት።