በተላገ ቴስታታ ላይ የካምሻፍት ታይሚንግን በዲግሪ ማስተካከል

ድሬዳዋ ውስጥ ሞተር ለሚያድስ ሰው የሚመጣለት ቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚታሰረው፣ ቫልቮቹን የያዘው የሞተር ራስ) ብዙውን ጊዜ በሙቀት ጎብጦ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የተላገ፣ ማለትም ፊቱ ተልጦ የተስተካከለ ነው። ካምሻፍቱ (ካሙ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ በሆነ ሞተር ላይ ቴስታታው በተላገ ቁጥር ካሙ ፒስቶኖቹ ወደሚያዞሩት ዘንግ፣ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ስለሚጠጋ፣ ሁለቱን ከሚያገናኘው ችንጋ (ቀበቶ) ወይም ካቴና (ሰንሰለት) የተረፈውን ርዝመት መወጠሪያው በራሱ በኩል ይሰበስበዋል፤ ስለዚህ የፋብሪካው ምልክቶች ልክ ፊት ለፊት ገጥመው እያሉ ካሙ ዘግይቶ ይቀራል፣ ማለትም ቫልቮቹን ከታሰበው ዘግይቶ ይከፍታል። እኔ ራሴ ምልክቱን ብቻ አምኜ የገጠምኩት ሞተር ከተማ ውስጥ ምንም እንከን ሳይታይበት ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ተመልሶልኛል። ለጉልበት የሚሠራ ሞተር መለካት አለበት የምለው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሚያስፈልጉት በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ የሚታሰር የዲግሪ ዲስክ፣ ከጠንካራ ሽቦ የተሠራ ጠቋሚ፣ ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ)፣ በካንዴላ ቀዳዳ የሚገባ የፒስቶን ማቆሚያ እና ብሎኖቹ ሲላሉ የሚዞር የካም ጥርስ ናቸው። ሞተሩ በእጅ ቁልፍ ብቻ ይዞራል፤ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ፈጽሞ አይሞከርም።

መጀመሪያ የአንደኛው ፒስቶን የላይኛው ጫፍ፣ ማለትም ፒስቶኑ ወደ ላይ ወጥቶ የሚመለስበት ነጥብ፣ በትክክል ይገኛል። ፒስቶኑ ጫፉ አጠገብ ለጥቂት ዲግሪ የቆመ ስለሚመስል በዓይን መገመት አይቻልም። ማቆሚያውን ሁለቱም ቫልቮች ዝግ በሆኑበት የእመቃ ምት ላይ ያስገቡና ፒስቶኑ እስኪነካው ድረስ በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ያዙሩ። በአንዱ በኩል 32፣ በሌላው 28 ካነበቡ፣ ሁለቱም 30 እንዲሆኑ ጠቋሚውን በ2 ዲግሪ ያንቀሳቅሱ፤ ዜሮው ያን ጊዜ እውነተኛ ይሆናል። ማቆሚያውን ማውጣት አይርሱ።

ቀጥሎ የዲያል ጌጁ ዘንግ ከማስገቢያ ቫልቩ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ይታሰራል፤ ከዘመመ ንባቡ ይሳሳታል። የካሙ አፍንጫ ክብ ስለሆነ ቫልቩ በሙሉ የተከፈተበትን ነጥብ በቀጥታ ማንበብ አይቻልም፤ ከሙሉ መከፈቱ 1.27 ሚሊ ሜትር ሲቀረው እና ካለፈው በኋላ በተመሳሳይ መጠን ሲወርድ ዲስኩ የሚያሳየውን ሁለት ቁጥር ይመዝግቡ። ሁልጊዜ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ያዙሩ፤ ቁጥሩን ካለፉት ሩብ ዙር ያህል ወደኋላ ተመልሰው እንደገና ይቅረቡ፤ አለበለዚያ የካቴናው መላላት ውስጡ ይገባል። ለምሳሌ 78 እና 144 ከላይኛው ጫፍ በኋላ ቢነበቡ፣ ድምራቸው 222፣ ግማሹ 111 ነው። ከካሙ ጋር የመጣው ወረቀት 108 ካለ፣ ካሙ 3 ዲግሪ ዘግይቷል ማለት ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው የመክፈቻና የመዝጊያ ጎኑ እኩል ለሆነ ካም ነው፤ ጎኖቹ ለሚለያዩ፣ ቫልቩ 1.27 ሚሊ ሜትር ሲከፈት የሚነበበውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ካምን ማስቀደም በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይጨምራል፣ ማዘግየት ደግሞ ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ይገፋዋል። ከ1200 ሜትር ገደማ ተነስቶ አየሩ እየሳሳ ወደ ሐረር ለሚወጣ መኪና እኔ 2 ዲግሪ አስቀድሜ 106 ላይ እተወዋለሁ። በምሳሌያችን ከ111 ወደ 106 ማምጣት ክራንክ ላይ 5 ዲግሪ ማለት ነው፤ ካሙ በክራንኩ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር ግን የካም ጥርሱ የሚንቀሳቀሰው 2.5 ዲግሪ ብቻ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ እጥፍ ይስታሉ። ሁለት ካም ያለው ሞተር ከሆነ የጭስ ማውጫው ካም ለብቻው ይለካል፣ ሙሉ መከፈቱም ከላይኛው ጫፍ በፊት ይነበባል።

ማስቀደም የማስገቢያውን ቫልቭ ወደ ፒስቶኑ ያቀርባል፤ የተላገ ቴስታታ ደግሞ አስቀድሞ አቅርቦታል። በፒስቶኑ አናት ላይ ዘይት የነካ የልጆች መጫወቻ ጭቃ አድርገው፣ የተጨመቀ ጋርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር የሚገባውን ማሸጊያ) አስገብተው ቴስታታውን ያጥብቁ፤ ሞተሩን ሁለት ሙሉ ዙር ካዞሩ በኋላ ፈተው ጭቃውን በስለት ይቁረጡና ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ። ለማስገቢያ ቢያንስ 2፣ ለጭስ ማውጫ 2.5 ሚሊ ሜትር ካልቀረ ሞተሩ አይነሳ።

ዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) የሚዞረው በካሙ ከሆነ የካንዴላው እሳትም አብሮ ስለሚቀድም፣ በድሬዳዋ ሙቀት ሞተሩ እንዳያንኳኳ እንደገና ይስተካከል። የካም ጥርሱ ብሎኖች ከጠበቁ በኋላ ሁለት ዙር አዙረው ሁለቱን ቁጥሮች በድጋሚ ያንብቡ፤ ያገኙትንም ቁጥር በቫልቭ ክዳኑ ውስጥ በኩል ይቅረጹ፣ ቀጥሎ የሚፈታው ሜካኒክ ወደ ፋብሪካው ምልክት እንዳይመልሰው።