ጆርጅታውን ለእራት ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ፣ ልጅ ሲመረቅ፣ የጋብቻ በዓል ሲከበር፣ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለ ሐበሻ ደህና ልብሱን ለብሶ ጆርጅታውን ይወጣል። የጡብ ቤቶቹ፣ ወንዙ፣ ኤም ጎዳና ላይ ማምሻውን የሚንሸራሸረው ሰው፣ እውነትም ለእንግዳ የሚያሳዩት ሰፈር ነው። እኔ እዚያ በአስተናጋጅነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። የአገሬ ሰው በር ላይ ሲገባ ሳይ ደስ ይለኛል። ያ ምሽት በቀላሉ ማስቀረት በሚቻል ነገር ሲበላሽ ግን ያንገበግበኛል።

ለስምንት ሰው አስይዞ አሥራ ሦስት ሆኖ፣ ያውም አርፍዶ መምጣት

ሌላውን ብታልፉትም ይህችን አንብቡልኝ።

ጆርጅታውን የተቆረቆረው በ1751 ነው፤ ከዋሽንግተን ከተማም ይቀድማል። ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ያሉት ድሮ ለመኖሪያና ለሱቅ በተሠሩ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ነው። በ1950 የወጣ ሕግ ደግሞ የሰፈሩን ታሪካዊ መልክ ይጠብቃል። የሕንፃውን የውጭ ገጽታ ለመቀየር ዕቅዱ በቅድሚያ መገምገም አለበት። ስለዚህ ባለቤቱ ገበያ ደራልኝ ብሎ ግድግዳ ገፍቶ ጠረጴዛ አይጨምርም። ስምንት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ አንድ ወይም ሁለት ቢኖረው ነው። ያንን ጠረጴዛ ቅዳሜ ማታ በሰዓት ከፋፍሎ ይሰጠዋል። በአሜሪካ ሰዓት እናንተ ስድስት ላይ፣ ሌላ ቤተሰብ ስምንት ላይ። እናንተ ሰባት ላይ ስትደርሱ የበላችሁት የእነሱን ሰዓት ነው።

ብዙ ቤቶች አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቃሉ። ሰው ሳይሟላም አያስቀምጡም። «ደርሰዋል፣ መኪና እያቆሙ ነው» ማለት አይሠራም። በር ላይ የምትቀበለው ልጅ ይህን ቃል በየምሽቱ ትሰማዋለች።

አንድ የግንቦት ምሽት አይረሳኝም። ግንቦት የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ነው፤ የሰፈሩ ጠረጴዛ ሁሉ ከሳምንታት በፊት ያልቃል። አንድ የእኛ ቤተሰብ ልጁን አስመርቆ መጣ። የተያዘው ለስምንት ሰው ነው። አራቱ በሰዓቱ ደረሱ። የቀሩት ግቢው ውስጥ ፎቶ እየተነሱ ነበር። ሲመጡ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ አልፏል፣ ቁጥራቸውም አሥራ ሦስት ሆኗል። ጠረጴዛው ተሰጥቷል። እናትየው በሐበሻ ቀሚስ በር ላይ ቆመው ቀሩ። አጎቱ በሯ ላይ ያለችውን ልጅ ተቆጣት። እሷ ደግሞ ራሷም የምትማር የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ጠረጴዛ አትፈጥርም። በመጨረሻ አምስቱ ታች፣ ስምንቱ ፎቅ ላይ ተቀመጡ። ተመራቂው እራቱን በደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ጨረሰ። ያ ልጅ አራት ዓመት የለፋው ለዚያ ምሽት አልነበረም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለዘመድ ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ንገሩ። ቁጥር ከጨመረ ደግሞ በጠዋቱ ደውሉ። ምሳ ሳይጀመር ያወቀ ቤት ጠረጴዛ ያቀናጃል፣ ሰዓት ያሸጋሽጋል፤ በር ላይ የተነገረው ግን ምንም ማድረግ አይችልም። የማትመጡ ከሆነም ሰርዙ። ስታስይዙ ካርድ የተቀበሏችሁ ቤቶች በሰው ቆጥረው ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ።

ቲፕን እንደ ምርቃት ማየት

እዚህ አገር ቲፕ የአስተናጋጁ ደመወዝ ነው። በዲሲ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛ መነሻ ክፍያው ከሌላው ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ ያነሰ ነው። የተለመደው ቲፕ 20 በመቶ ነው። የምግብ ቤት ታክስ ደግሞ 10 በመቶ። ሜኑው ላይ 100 ዶላር የሚል እራት ከኪስ 130 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ከቤት ስትወጡ በዚህ አስሉት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በብዙ ቤት አስተናጋጁ በማታው ከሸጠው ሂሳብ ላይ ለቡና ቤቱ ሠራተኛና ሳህን ለሚያነሳው ልጅ ያካፍላል። ቤቱ የሚቆርጠው 4 በመቶ ቢሆን፣ 600 ዶላር በልታችሁ ቲፕ ሳትተዉ ስትሄዱ አስተናጋጁ 24 ዶላር ከራሱ ከፍሎ አስተናገዳችሁ ማለት ነው። ያ አስተናጋጅ ምናልባት ለእናቱ ብር የሚልክ የእናንተው ሰው ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። የዲሲ ሕዝብ በ2022 የቲፕ ሠራተኞችን መነሻ ክፍያ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚያደርግ ውሳኔ በድምፅ ካጸደቀ በኋላ ብዙ ቤቶች ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ (የአገልግሎት ክፍያ) መጨመር ጀምረዋል። ደረሰኙን ሳያነቡ በላዩ ላይ ሌላ 20 በመቶ የሚጽፉ አሉ። አንብቡት። ካልገባችሁ «ይሄ ለአስተናጋጁ ነው የሚደርሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

ሂሳብ ላይ መታገል

«በሞቴ እኔ ልክፈል» ወግ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ሰው ካርዱን እጄ ላይ ሲጎትትና አንዱ «የእሱን ከተቀበልክ እቀየምሃለሁ» ሲለኝ እኔ ማንን ልስማ? መክፈል የፈለገ ሰው እጁን ለመታጠብ እንደሚሄድ ተነስቶ ካርዱን ቀድሞ ይስጠን። ሂሳቡ ጠረጴዛው ላይ ሳይመጣ ያልቃል፤ ጨዋታውም አይቋረጥም።

ከአሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦች ጋር ስትወጡ ደግሞ ሌላ ነው። አብረን እራት እንብላ ያለ ሁሉ ጋባዥ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሁሉም የየራሱን ይከፍላል። የሁሉንም ሂሳብ በግድ መዝጋት አንዳንዶቹን ያስጨንቃቸዋል፤ ዕዳ የገቡ ይመስላቸዋል። ሂሳቡ እንዲከፋፈል ከፈለጋችሁ ገና ስታዙ ንገሩን።

ጾመኛ ሆኖ «ሥጋ የለውም» በሚል መርካት

ሥጋ የለውም የተባለ ምግብ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል ሊኖረው ይችላል። «ቪጋን» በሉ፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የሌለበት ማለት ነው። ሾርባውንም በምን መረቅ እንደተሠራ ጠይቁ፤ የአትክልት ሾርባ በዶሮ መረቅ የሚሠራበት ቤት ብዙ ነው። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ፣ ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም፣ የጎን ምግቦችን ተጠንቀቁ። ጥቅል ጎመኗ፣ ባቄላው፣ ነጩ የባሕር ሾርባ ውስጥ ቤከን ጣል ይደረጋል። ቲራሚሱ የሚባለው ጣፋጭ ውስጥ ብዙ ጊዜ አልኮል አለ። የአካባቢው መኩሪያ የሆነው ክራብ ኬክ ደግሞ የሸርጣን ሥጋ ነው። እናቶች ዓሣ መስሏቸው ካዘዙት በኋላ ሲያዝኑ አይቻለሁ። ምግቡ ከመጣ በኋላ ከምታዝኑ ቀድማችሁ አሥር ጊዜ ጠይቁ። ጥያቄ አይሰለቸንም።

በአማርኛ ሰው ማማት

በዲሲ ምግብ ቤቶችና መኪና ማቆሚያዎች የሚሠራ ሐበሻ ስንት እንደሆነ አትርሱ። አንዲት ባልደረባዬ ፊት ቆመው ስለ ውፍረቷ ያወሩ ሰዎች ነበሩ። መልኳ የአገራቸው ሰው አልመሰላቸውም። እሷ ምግባቸውን አቅርባ፣ ማብሰያው ክፍል ገብታ አለቀሰች። ሐረር ያደገች ልጅ ናት።

የአገር ልጅ ነህ ብሎ ቅናሽ መጠየቅም እንዲሁ ነው። ቤቱ የእኛ አይደለም። ዝም ብላችሁ «እንዴት ነህ ወንድሜ» በሉን፤ እኛ በአገልግሎቱ እናበልጣለን።

ባጭሩ

ውኃ ሲጠይቋችሁ የቧንቧው ነፃ ነው፤ የጠርሙሱ ይከፈልበታል። የእግረኛ መንገዱ ወጣ ገባ ጡብ ስለሆነ ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል። ከ1933 ጀምሮ የሚሠራው ማርቲንስ ታቨርን ጆን ኬኔዲ ለጃክሊን የጋብቻ ጥያቄ አቀረበበት የሚባለው መቀመጫ አለው፤ ሰው እየበላበት ከሆነ ስልክ አትደቅኑበት።

መፍራት

አንዳንዶች ሰፈሩ የሀብታም ነው ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ። መጸዳጃ ቤት በር ሥር ያለች ጠረጴዛ ሲሰጧቸው ዝም ይላሉ፤ ጥሬ የመጣ ሥጋ ጎርሰው ይሄዳሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጆርጅታውን ለረጅም ጊዜ የሠራተኛና የጥቁር ቤተሰቦችም ሰፈር ነበር። በ1816 የተመሠረተው ማውንት ዛየን የጥቁሮች ቤተክርስቲያን አሁንም እዚያው አለ። «ሌላ ጠረጴዛ ይኖራል?» በሉ። «ይሄ ትንሽ ይብሰልልኝ» በሉ። እኛ የቆምነው ለዚህ ነው።

መኪና ይዞ መንከራተት

ጆርጅታውን የሜትሮ ጣቢያ የለውም። ቅርቦቹ ፎጊ ቦተምና ሮዝሊን ናቸው፤ ከሁለቱም በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ድሮ የምትሳፈሩበት ሰርኩሌተር አውቶቡስ በ2024 መጨረሻ ቆሟል፤ የጥንት ምክር ይዛችሁ አትጠብቁት። የመኖሪያ መንገዶቹ ላይ የሰፈሩ ፈቃድ የሌለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆም አይችልም፤ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። በሥራ መውጫ ሰዓት መቆም በተከለከለበት ቦታ የቆመ መኪና ተጎትቶ ይወሰዳል። አረጋውያን ካሏችሁ በር ላይ አውርዷቸውና መኪናውን ወንዙ ዳር ዋሽንግተን ሃርበር ሥር ወዳለው ማቆሚያ ውሰዱት። ለዚህም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያዙ።