የሕፃናት የአፍ ፈንገስ፦ ከወተት ቅሪት እንዴት ይለያል? መድኃኒቱስ እንዴት ይቀባል?

የሚጠባ ሕፃን ምላስ ነጭ መሆኑ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሕፃኑ ከጠባ በኋላ ወተት ምላሱ ላይ ይቀራል፤ ይህን ፈንገስ ነው ብሎ መድኃኒት መጀመር የተለመደ ስህተት ነው። ለመለየት ከጠባ አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ አፉን በቀን ብርሃን ወይም በስልክ መብራት ይመልከቱ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ በጣትዎ ላይ ጠቅልለው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አርጥበው ነጩን ቦታ ቀስ ብለው ያብሱት። ወተት ከሆነ በቀላሉ ይለቃል። ፈንገስ ከሆነ ግን አይለቅም፤ ቢለቅም ከሥሩ ቀይ፣ የተላጠ የሚመስል፣ አንዳንዴም ደም የሚል ቦታ ይታያል። አንዴ ከለዩ በኋላ ደግመው አይፈትጉት፤ ሕፃኑን ያመዋል፣ ቁስሉም ይሰፋል።

ከምላስ ይልቅ ጉንጭ የበለጠ ይናገራል። ነጩ ነገር ምላስ ላይ ብቻ በስሱ ተለጥፎ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወተት ነው። በጉንጭ ውስጥ፣ በከንፈር ውስጠኛ ክፍል፣ በድድ ወይም በላንቃ ላይ የአይብ ፍርፋሪ መስሎ ተጣብቆ ከተገኘ ግን ፈንገስ ነው። በአራስ ሕፃን ላንቃ መሃል ወይም ድድ ላይ የሚታዩ ጠንከር ያሉ ክብ ነጭ ነጥቦች ደግሞ ሌላ ናቸው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይጠፋሉ። «ጥርስ ነው» ተብለው ፈጽሞ መነቀል የለባቸውም።

በሽታውን የሚያመጣው ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባል ፈንገስ ነው። በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍና አንጀት ውስጥ ይኖራል። ሕፃናት የመከላከል አቅማቸው ገና ስላልጠነከረ በቀላሉ ይራባባቸዋል። በተለይ እናትየው በወሊድ ጊዜ የብልት ፈንገስ ከነበረባት፣ ወይም ለእሷ አለዚያም ለልጁ አንቲባዮቲክ ከተሰጠ ዕድሉ ይጨምራል፤ አንቲባዮቲኩ ፈንገሱን የሚገቱትን ባክቴሪያዎች ይገድላልና። የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ይህን ለአራሷ በግልጽ መንገር ተገቢ ነው።

ሐኪም ወይም ጤና ባለሙያ አይቶ የሚያዘው የመጀመሪያ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ኒስታቲን ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100,000 ዩኒት የያዘ የሚጠጣ ፈሳሽ። የተለመደው መጠን 1 ሚሊ ሊትር በቀን 4 ጊዜ ነው። በአንዳንድ አገሮች 2 ሚሊ ሊትር ስለሚታዘዝ፣ ለልጅዎ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ። ኒስታቲን ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አይገባም፤ የሚሠራው ፈንገሱን ሲነካ ብቻ ነው። ምላስ ላይ ተጨምሮ ወዲያው የተዋጠ መድኃኒት ጉንጩ ላይ ያለውን ፈንገስ ሳይነካ ሆድ ይገባል። «መድኃኒቱ አልሠራም» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አሰጣጡ ነው።

ስለዚህ ሕፃኑ ጠብቶ ከጨረሰ በኋላ ይስጡት። መድኃኒቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁ። ልጁን ጭንቅላቱን ትንሽ ቀና አድርገው ይያዙት። ግማሹን መጠን በአንዱ ጉንጭ፣ ግማሹን በሌላው ጉንጭ ውስጥ በመለኪያው ጥቂት በጥቂት ያንጠባጥቡ፤ ወደ ጉሮሮ አይርጩ። ከዚያ በታጠበ ጣት ወይም በጎዝ ነጩ ነገር ባለበት ሁሉ ያዳርሱት። ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጡትም ጡጦም አይስጡ። አፉን የነካውን መለኪያ ሳያጥቡ ወደ ጠርሙሱ አይመልሱ።

ነጩ ነገር በ3 ወይም በ4 ቀን ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ ማቆም ግን መልሶ ያመጣዋል። የታዘዘውን ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን፣ ይጨርሱ። አፉ ከጠራ በኋላም ቢያንስ ለ2 ቀን ይቀጥሉ።

እናትና ልጅ ፈንገሱን እርስ በርስ ይቀባበላሉ፤ ልጁ ብቻ ታክሞ ሲመለስበት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የጡት ጫፍ ቀልቶ ካብለጨለጨ፣ ከተላጠ፣ ካሳከከ፣ ወይም ካጠቡ በኋላም የሚዘልቅ የማቃጠል ሕመም ካለ እናትም በአንድ ጊዜ ትታከም። የሚታዘዝላትን ቅባት ካጠባች በኋላ ትቀባለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከማጥባቷ በፊት የቀረውን ትጠርጋለች። የልጁ አፍ ንጹሕ ሆኖ የእናት ጡት ብቻ ቢያም ግን መጀመሪያ አጎራረሱ ይታይ፤ ሕፃኑ ጡቱን በደንብ አለመጉረሱ ከፈንገስ ይልቅ የተለመደ ምክንያት ነው። በማንኛውም ሁኔታ ማጥባት አይቋረጥ። የጡጦ ጫፍ፣ የማባበያ ላስቲክና የጡት ማለቢያ ክፍሎች በየቀኑ ታጥበው ለ20 ደቂቃ ይቀቀሉ።

ዳይፐር የሚደረግበትን ቦታም ይመልከቱ። በብሽሽት እጥፋት ውስጥ ደማቅ ቀይ ሽፍታ፣ በዙሪያውም ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ካሉ ያው ፈንገስ ነው፤ ተራ የዳይፐር ቅባት ብቻውን አያድነውም፣ የፈንገስ ቅባት ይፈልጋል።

ኒስታቲን በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ጄንሺያን ቫዮሌት የተባለ፣ አፍ ውስጥ የሚቀባ ሐምራዊ ፈሳሽ ይሰጣል። ለሕፃን አፍ የሚሆነው 0.25 በመቶው ነው። 0.5 በመቶ የሆነው በእኩል መጠን ውሃ መቅጠን ስላለበት ቀጥኖ እንዲሰጥዎ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ከ7 ቀን በላይ አይቀባ፤ ብዙ ከተቀባ ራሱ አፍ ያቆስላል። ማይኮናዞል የተባለው የአፍ ጄል ደግሞ ወፍራም በመሆኑ ትንሽ ሕፃን ሊያንቀው ይችላል፤ ከ4 ወር በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

ሎሚ፣ ጨው ይዞ መፈተግ፣ ቅቤ ማዋጥ ይቅር። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ሕፃን አልጠባ ሲል እንጥሉን ማስቆረጥ ከሁሉ የከፋ ነው፦ ፈንገሱን አያድንም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል፣ ሕይወትም ያጠፋል።

ሕፃኑ መጥባት እምቢ ካለ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ወይም ዕድሜው ከ2 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከደረሰ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይውሰዱት። በትክክል ተቀብቶ በ7 ቀን ካልጠፋ፣ እየተመላለሰ ከመጣ፣ ወይም ክብደቱ ካልጨመረም መመርመር አለበት። የማይለቅ የአፍ ፈንገስ አንዳንዴ የኤች አይ ቪ ምልክት ስለሚሆን ባለሙያው ስለ እናትና ልጅ ምርመራ ይጠይቃል። ቫይረሱ ካለባት እናት ለተወለደ ልጅ ከ6 ሳምንት ጀምሮ በጥቂት የደም ጠብታ ምርመራ ይደረጋል፤ ካለበትም ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል።