ከጣሪያችሁ በላይ ማን እያንዣበበ ነው? በመኖሪያ ሰፈር አዳኝ ወፎችን እንዴት ማየት ይቻላል

«እኛ ሰፈር ደግሞ ምን አዳኝ ወፍ አለ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እርግብ፣ ድንቢጥ ወይም አይጥ ካለ አዳኝም አለ። የመኖሪያ ሰፈር ደግሞ ሦስቱንም አያጣም። ነገሩ ወፉ ጠፍቶ ሳይሆን እኛ ቀና ብለን ስለማናይ ነው። ብዙዎቻችን ወደ ሰማይ የምናየው ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ነው።

እኔም ስጀምር ያልተሳሳትኩት ስህተት የለም። አንድ ጊዜ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ነገር ለሁለት ቀን ተከታተልኩ። «ምን ዓይነት ትዕግስተኛ ወፍ ነው!» እያልኩ። በሦስተኛው ቀን ነፋስ መጥቶ ወሰደው። ለካ ፌስታል ነው።

መጀመሪያ፦ አዳኙን ተዉት፣ ታዳኞቹን ስሙ

ጀማሪ ሁሉ አዳኙን ይፈልጋል። አዳኙ ደግሞ እንዳይታይ አድርጎ ነው የሚኖረው። እናንተ ግን የሚበሉትን ተከታተሉ። ካላዩት ይሞታሉ፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከእናንተ ቀድመው ያዩታል።

እርግቦችን ልብ በሉ። ሰው ወይም ውሻ ካስደነገጣቸው ብር ብለው ተነስተው፣ ትንሽ ዞር ዞር ብለው ይመለሳሉ። አዳኝ ሲያዩ ግን እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ እንደ አንድ አካል እየታጠፉ ቶሎ ቶሎ ይዞራሉ፣ ለማረፍም አይቸኩሉም። ቁራዎች ደግሞ ፈሪ አይደሉም። አንድ ዛፍ ከበው የሚጮሁ፣ ወይም አንድ ትልቅ ወፍ ከኋላ እየተከተሉ የሚያዋክቡ ከሆነ፣ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር መሐል ላይ ያለው ጭልፊት ወይም ጉጉት ነው። ጥቃቅኖቹ ወፎች ቀጭን፣ የተሳበ «ሲይይ» የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ከየት እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል፤ አዳኙም እንዲሁ ይቸገራል። ከዚያ ጸጥ።

ጸጥታው ነው ዋናው። አንድ ጠዋት አጥሩ ላይ ያለው ቁጥቋጦ በድንቢጥ ጫጫታ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ድንገት ቁልፍ እንደተዘጋበት ሬዲዮ ቀጥ አለ። እኔም የያዝኩትን ይዤ ባለሁበት ቆምኩ። ግራጫ ነገር በአጥሩ ቁመት ልክ፣ በሁለት ቤቶች መሐል ሽው ብሎ መጣና ግንቡ ላይ ተቀመጠ። እንደ እርሳስ የቀጠኑ ቢጫ እግሮች፣ ቢጫ ዓይን። ቁጥቋጦውን ትኩር ብሎ አየው። እኔን አንዴ አየኝ፣ ናቀኝ መሰለኝ። ከዚያ ሄደ። ድንቢጦቹ ግን ብዙ ደቂቃ ትንፍሽ አላሉም። መጨረሻ ላይ አንዷ ደፈረችና ድምፅ አሰማች።

እንዲህ ያለ ጸጥታ ሲገጥማችሁ የሸሹትን ወፎች አትከተሉ። የሸሹበትን ተቃራኒ እዩ፣ በተለይ ከፍ ያለውን።

ሰዓት ምረጡ

ጠዋት ገና ሲነጋ ትናንሽ አዳኞች ያድናሉ። ሰፊ ክንፍ ያላቸው ግን በዚህ ሰዓት አይቸኩሉም። ፀሐይ ከወጣች ከ2 እስከ 3 ሰዓት በኋላ አስፋልቱና ጣሪያው ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል። ያን ጊዜ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ሳያርገበግቡ ክብ እየሠሩ ከፍ ይላሉ። ዝናብ ካባራ በኋላ ደግሞ ላባቸውን ለማድረቅ ክፍት ቦታ ላይ ክንፍ ዘርግተው ሲቀመጡ ታገኟቸዋላችሁ።

የተቀመጠውን ፈልጉ

አዳኝ ወፍ ብዙውን ጊዜውን ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ የከፍታዎችን ጫፍ በተራ ቃኙ፦ የመብራት ምሰሶ፣ አንቴና፣ የደረቀ ዛፍ አናት፣ የፎቅ ጠርዝ። በየቀኑ ስታዩት ቅርጹን ትሸመድዱታላችሁ፤ አንድ ቀን ትናንት ያልነበረ ጉብታ ሲጨመርበት ራሱ ይጠራችኋል። እርግብ ጭንቅላቷ ትንሽ ነው። አዳኙ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱም ትልቅ ሆኖ አንገት የሌለው ይመስላል።

በሰማይ ላይ ቅርጽ እንጂ ቀለም አትዩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ከብርሃን ፊት ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው። ያልጎለመሰው ወፍ ከወላጆቹ የተለየ ቀለም ሊኖረው ይችላል፣ በብዙዎቹ ዝርያዎችም ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። በዚያ ላይ እኛ ንስርና ጥንብ አንሳ ያልሆነውን ሁሉ «ጭልፊት» ብለን እንገላገላለን። ክንፉንና ጭራውን ከያዛችሁ ግን መንገዱ ይቀላል።

ክንፉ ሰፊ፣ ጭራው አጭርና እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ የክንፉም ጫፍ እንደ ጣት የተከፋፈለ ከሆነ፣ ክብ እየሠራ ከፍ የሚል ትልቅ አዳኝ ነው፤ የንስር ወገንም ሊሆን ይችላል። ጭራው እንደ ሹካ መሐሉ ገባ ያለ፣ እንደ መሪም ወዲህና ወዲያ እየጠመዘዘው የሚንሳፈፍ ከሆነ፣ ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የማይጠፋው ትክክለኛው ጭልፊት ነው። ጭራውን በደንብ ሲዘረጋው ሹካው ስለሚጠፋ አትሸወዱ፣ እስኪያጥፈው ጠብቁ።

ክንፉ አጭርና ክብ፣ ጭራው ረጅም ከሆነ፣ በዛፍና በቤት መሐል እየተሽሎኮሎከ ሌሎች ወፎችን የሚያድን ነው። ያ ድንቢጦቼን ያስጨነቀው ከዚህ ወገን ነው። አበራረሩ ያስታውቃል፤ ጥቂት ጊዜ ፈጠን አድርጎ ያርገበግብና ይንሳፈፋል፣ ደግሞ ያርገበግባል።

ክንፉ ረጅምና ሹል ከሆነ ፋልከን ከሚባሉት አዳኝ ወፎች ወገን ነው። ኬስትሬል የሚባለው ትንሹ ፋልከን አየር ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ እያርገበገበ መሬቱን ያያል። ጭንቅላቱ በክር የታሰረ ይመስል አይነቃነቅም። ፔሪግሪን ፋልከን ደግሞ ቁልቁል ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። በተፈጥሮው ገደል ላይ ስለሚራባ ረጅም ፎቅ ይስማማዋል። ፎቅ ካለ ጠርዙን አትዝለሉ።

መሬቱንም እዩ

ክምር ላባ ካገኛችሁ ዘንጉን ተመልከቱ። ድመት ስትነክሰው የተቆረጠ ወይም የታኘከ ይሆናል። አዳኝ ወፍ ግን ላባውን አንድ በአንድ ስለሚነቅል ዘንጉ እስከ ሥሩ ሙሉ ነው፣ አንዳንዴ የምንቃር መጨምደጃ ምልክት አለው። ከአንድ ዛፍ ወይም ጠርዝ ሥር እንደ ኖራ የፈሰሰ ነጭ ኩስ ካለ ከላዩ ቋሚ ደንበኛ አለ ማለት ነው። እዚያው ግራጫ፣ እንደ አውራ ጣት የተድቦለቦለ ነገር ከወደቀ ጉጉት ያልተፈጨላትን ጸጉርና አጥንት ተፍታለች። በእንጨት ብትገልጡት የአይጥ መንጋጋ ከነጥርሱ ታገኛላችሁ። በባዶ እጅ አትንኩት።

መሣሪያና ጎረቤት

8×42 የሚል ጽሑፍ ያለበት ባይኖኩላር (አቅራቢ መነጽር) ለጀማሪ በቂ ነው። 8 ጊዜ ያቀርባል፤ 42 የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። የበለጠ የሚያቀርበው እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ወፉን በዓይናችሁ ያዙ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ መሣሪያውን አንሱ።

በሰፈር ውስጥ ባይኖኩላር ይዞ መቆም ግን ጣጣ አለው። ወደ ሰው መስኮት አታዙሩት። ለጎረቤት የምታዩትን ቀድማችሁ ንገሩ፣ ካስፈለገም አሳዩት። ሳምንት ሳይሞላ «ያ ወፍህ ምሰሶው ላይ ነው» እያለ ራሱ ይደውላል።

ጎጆ ካገኛችሁ ከሩቅ እዩ። ወፉ ከጮኸባችሁ ወይም ወደ ራሳችሁ ከተወረወረ በጣም ቀርባችኋል፣ ተመለሱ። ለማስጠጋት ብላችሁ የተቀዳ ድምፅ አታጫውቱ። የአይጥ መርዝም ይቅርባችሁ፤ የተመረዘችውን አይጥ የሚበላው ወፍም አብሮ ይመረዛል።

ጉጉትን በመጨረሻ ሞክሩ

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሰማዩ ፈጽሞ ሳይጨልም፣ ያ ነጭ ኩስ ያያችሁበት ዛፍ ፊት ለፊት ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጀርባችሁን ለመብራት ስጡ፣ ስልካችሁን አጥፉ። እስካሁን ጆሯችሁን እመኑ ስላችሁ ቆይቻለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አያድናችሁም። የጉጉት ክንፍ የፊት ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ አየሩን ያለ ድምፅ ይከፍለዋል። ቅርንጫፉን ብቻ እዩ። መጀመሪያ ባዶ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትገልጡ አሁንም ባዶ ነው፣ ግን ቅርንጫፉ ይወዛወዛል።