ስኳር ነው ወይ? የትኛውስ አይነት? ምልክቱን እንዴት እንለያለን

የጎረቤታችን ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ከጆግ ውሃ ይጠጣ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት አልጋው ላይ ሸና፤ ከ3 ዓመቱ ወዲህ ሸንቶ አያውቅም ነበር። እናቱ ብርድ መታው አለች፣ አያቱ ዓይን ነው አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ። ጤና ጣቢያ ጣቱን ወጋ አድርገው ሲለኩት ስኳሩ ከ400 በላይ ነው።

አጎቴ ደግሞ ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት መነጽር ሊያሠሩ ሄደው ነው። አያማቸውም፣ አልከሱም። መቼ እንደጀመራቸው እሳቸውም ሐኪሙም አያውቁም።

ሁለቱም ስኳር ነው። የሚለያያቸው አመጣጡ ነው።

1. ከሽንቱ ጀምሩ። ሰው ውሃ ስለሚጠጣ የሚሸና ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲያልፍ ኩላሊት መያዝ ያቅተዋል። ስኳሩ በሽንት ሲወጣ ውሃውንም ጎትቶ ይወጣል፤ ጥማቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ገጠር «ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሰፈረበት» የሚባለው ቀልድ አይደለም።

2. ቀን ቁጠሩ። በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ከተፍ ያለ ጥማት፣ ሽንትና መክሳት፣ በተለይ በልጅና በወጣት ላይ፣ አይነት 1ን ያስጠረጥራል። የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊንን (ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባውን ንጥረ ነገር) የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ልጁ እየበላ ይከሳል። ትልቅ ሰውንም ይይዛል።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የበሰለ ፍራፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ትንፋሽ፣ መፍዘዝ ከመጣ ለነገ አይባልም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ብዙ ጊዜ ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ጨጓራ ይባልና ቀን ያልፋል። «ስኳሩን ለኩልኝ» በሉ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጸበል የሚሄድም የታዘዘለትን የኢንሱሊን መርፌ ይዞ ይሂድ። ማቋረጥ ይገድላል።

3. ቀኑ ካልታወቀ ሰውነትን ተመልከቱ። አይነት 2 ዓመታት ተደብቆ ይቀመጣል። ኢንሱሊን አለ፣ ሰውነት ግን እሺ አይለውም። ቁስል ይቆያል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ብልት አካባቢ ፈንገስ ይመላለሳል። የአንገት ጀርባና ብብት ይጠቁርና ቆዳው እንደ ከፋይ ጨርቅ ይወፍራል። እድፍ መስሏቸው በሳሙና ሲፈትጉት የሚውሉ አሉ። እግር ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል። አጎቴ ሸበጣቸው ከእግራቸው ወልቆ ሳይሰሙ ግቢውን አቋርጠው ገብተዋል፤ እኛ ስቀን ነበር። መሳቅ አልነበረብንም።

ምንም ምልክት የማያሳይም ብዙ ነው። ስለዚህ ዕድሜያችሁ 35 ካለፈ፣ ወይም በቤተሰብ ስኳር ካለ፣ ቦርጭ ወይም ደም ግፊት ካለባችሁ ምልክት አትጠብቁ፤ ተመርመሩ። ቀጭን ነኝ ማለትም ዋስትና አይሆንም።

4. ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ምልክት አትፈልጉ። ቶሎ ቶሎ መሽናትና ድካም ከእርግዝናው ጋር የሚመጣ ነገር ስለሆነ አይለይም። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ጠጥቶ መለካት ነው መፍትሔው። በእርግዝና የመጣ ስኳር ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ቢሆንም ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ እንደገና ተለኩ፤ ወደፊት አይነት 2 የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በምግብ እጥረት ያደጉ ቀጫጭን ወጣቶችን የሚይዝ ስኳርም አለ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. «አይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ጥሩ ነው።

5. ተለኩ። ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ምንም ሳትበሉ (ውሃ ይፈቀዳል) ተለክታችሁ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው፤ ከ100 እስከ 125 ደግሞ ደጃፉ ላይ ናችሁ። ምልክት ያለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት 200 ከደረሰ ያው ነው። የ3 ወር አማካይ በሚባለው ምርመራ ወሰኑ 6.5 በመቶ ነው። ምልክት ከሌለ በሌላ ቀን ይደገማል።

አይነቱን የሚለዩት የደም ምርመራዎች ሁሉም ቦታ የሉም። ሐኪሙ የሚመራው በአብዛኛው በምትነግሩት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ጥማቱ የጀመረው መቼ ነው፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ይነሳል፣ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ።